ሙና በእኔ ተራ ስትገባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልያታለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ቢያንስ ገበያ ላይ አግኝታችሁ በጥቅሻ አትጠቋቆሙብኝም። ስለዚህ ስሙኝ።

ነርስ ነኝ፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ተወልጄ ያደግኩ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የማይድን የአንጀት ቁስለት አለብኝ። ሲነሳብኝ ደም ያስቀምጠኛል፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ለዚህ የሚሰጠኝ ኪኒን የሰውነቴን መከላከያ ያደክማል። አንጀቴ እፎይ ሲል ለሌላው በሽታ በሩ ክፍት ይሆናል ማለት ነው። እንደኔ ያለ ሰው የቲቢ ሕሙማን በተኙበት ክፍል ገብቶ መዋል የለበትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ያ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁላችንም በተራ እንገባለን።

ለአለቃዬ ብናገር ይቀይሩኝ ነበር። ግን ስለ ተቅማጥ ማን ለአለቃ ያወራል? አፈርኩ።

ሙና ብቻ አወቀች። ሽንት ቤት ውስጥ ሳለቅስ ደረሰችብኝ። ሙና የመጋላ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ሶማልኛ፣ ስትቀልድ ኦሮምኛ፣ ስትመክር አማርኛ ነው የምትናገረው። ያን ቀን በአማርኛ ነበር።

«አቦ ሰኒ፣ በቃ! ተራሽ ሲደርስ እኔ እገባለሁ። አንቺ በእኔ ቦታ መርፌ ክፍል ሥሪ። ወላሂ ለማንም አልናገርም።»

እንዳለችውም አደረገች። ከቤቷ በርበሬ የሌለበት ሩዝ ታመጣልኛለች፤ እናቷ «የሰኒ» ብለው ለብቻው ነው የሚቀቅሉት። የሠራተኞች ሽንት ቤት ቁልፍ ከጋውኗ ኪስ አይለይም። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ከሩቅ ትወረውርልኛለች፤ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለእኔ ተረት አልነበረም፤ ሙና ነበረች። እህት የለኝም፤ ብትኖረኝ እንዲህ ትወደኝ ነበር? እንጃ።

እንግዲህ በደሌን ልናገር።

አዲስ አበባ በዓመት ሁለቴ የሚያየኝ ሐኪም አንድ ቀን አንጀቴን መረመረና ቁስሉ ደርቋል አለኝ። ኪኒኑን አስቆመኝ። «ሦስት ወር ታገሺ፤ ከዚያ በኋላ መከላከያሽ እንደማንኛውም ሰው ይሆናል። ማስክሽን አድርጊና ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። እልል ማለት ነበረብኝ። ድሬ እንደገባሁ ለሙና ልነግራት ነበር፤ እውነቴን ነው። ሙና ግን ገና ሰላም ሳትለኝ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» አለች።

«ዋጥኩ» አልኳት።

ይችው ናት። አንዲት ቃል። ውሸት በአንዲት ቃል የሚቆም መስሏችሁ ነው? ቫይታሚን ገዛሁና በድሮው ብልቃጥ ጨመርኩ። በየቀኑ ሙና ፊት እየዋጥኩ፣ ውኃውን እሷ ራሷ እየቀዳችልኝ። ሦስቱ ወር አለፈ። ስድስተኛው አለፈ፤ ዘጠነኛው አለፈ። እኔ ጤነኛዋ ውጭ፣ ሙና በእኔ ተራ ክፍሉ ውስጥ።

ለምን? ስንፍና ነው ልበል? አይደለም። ክፍሉን ፈርቼ ነበር፤ ኪኒን ብጀምርም ባቆምም እፈራው ነበር። ከዚህ የባሰውም አለ። መታሰቡ ጥሞኝ ነበር። ከዳንኩ ሩዙ ይቀራል፣ ቁልፉ ይቀራል ብዬ ሰጋሁ። በሰው ሳንባ ፍቅር የገዛሁ ሴት ነኝ እኔ!

ሙና ማሳል ጀመረች። አቧራ ነው አለች፤ እኔም አቧራ ነው አልኩ፤ ነርስ ሆኜ! አክታዋ ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ። የስድስት ወር መድኃኒት። በባጃጅም ይይዛል፣ በገበያም ይይዛል እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ማን ያምነኛል? እኔስ አመንኩት?

እሷ ቤቷ ስትተኛ ተራዬን የሚሸፍን ጠፋና ራሴ ገባሁ። ማስኬን አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ ሠራሁ። ምንም አልሆንኩም። ሙና እየደወለች «ማን ገባልሽ?» ትላለች። «ሰው አለ» እላታለሁ።

ረመዳን ገባ፤ ሐኪሙ እንዳትጾም ከለከላት። ልጠይቃት መጋላ ስሄድ ስታለቅስ አገኘኋት። የቲቢ መድኃኒት እንባ ሳይቀር ያቀላል፤ ነጭ ሻሿ ጠርዙ ብርቱካንማ ሆኗል። ሳቀችብኝ።

«አየሽ አቦ፣ እንባዬ የብርቱካን ጭማቂ ሆነ! ማፍጠሪያ አላጣም።» ቀጥላ እጄን ያዘች። «እንኳን እኔን ያዘኝ፣ ሰኒ። አንቺን ቢሆን በዚያ ኪኒንሽ ላይ አትችዪውም ነበር። አልሐምዱሊላህ።»

ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በዚያች ሰዓት ልናገር እችል ነበር፤ እናቷ ወጥተዋል፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ሆድ ይፍጀው ብዬ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አልኩና ሩዜን በልቼ ተመለስኩ። አዎ፤ ታማም ቀቅላልኝ ነበር።

ሙና ድና ሥራ ገብታለች፤ ጋውኗ ሰፍቷታል እንጂ ምላሷ ያው ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ወር ደም ጀመረኝ። ሐኪሙ ኪኒኑን መለሰልኝ፤ ይኸኛው እውነተኛው ነው። ሐሙስ የክፍሉ ተራ የእኔ ነው። ዛሬ ሙና ሰሌዳውን አየችና፣ ሳልጠይቃት፣ «እኔ እገባለሁ» አለች።

አትገባም። ነገ ጠዋት ሕመሜን ለአለቃዬ እናገራለሁ፤ ሐፍረቱን እችለዋለሁ። ከዚያ ይህን ለእናንተ የጻፍኩትን ወረቀት ለሙና እሰጣለሁ።

ሙናዬ፣ እስከዚህ ካነበብሽ፣ ይቅር በዪኝ አልልሽም። ታምሜያለሁና አዝነሽ ይቅር እንዳትዪኝ ፈራሁ፤ አንቺ ደግሞ ታደርጊዋለሽ። ተቆጪኝ፤ በሶማልኛ ተቆጪኝ። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተዪልኝ። ሮጬ ራሴ አነሳዋለሁ።