የማዕዶት ቁመትና የሽባባው ዕቅድ

ሽባባው ሳያቅድ ያደረገው ነገር ቢኖር መወለድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀድመው ቢያማክሩት ኖሮ ወሩን ያሸጋሽገው ነበር። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ቡታጅራ ከገባ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ከከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የዕቅድ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ሚስት ሊያገባ ሲል እንደማንኛውም ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግን ባለ አራት ገጽ የድርጊት መርሐ ግብር አያይዞ ነበር ይባላል። ሚስቱ ኢትዮጵያ የጥያ ልጅ ናት፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። «ይባላል ምን ያደርጋል? አባቴ እስከ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል» ትላለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከሁለት ዓመት በፊት ለልጆቹ፣ «አዲስ አበባ ወስጄ መጫወቻ ፓርክ አስገባችኋለሁ» ብሎ ቃል የገባው።

ትልቋ ማዕዶት ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሰባት ሞልቷታል። የጎረቤታቸው የከማሉ ልጅ ሰልሚያ ፓርኩን አይታ መጥታ ነግራታለች። ቀይ ባቡር አለ። ባቡሩ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሁሉም ልጅ ይጮኻል፤ አጠገቡ ያለውንም ሰው እጅ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ሰልሚያ ብቻዋን ስለነበረች የማታውቀውን ልጅ እጅ ይዛ ነው የወጣችው።

«እኔ የአምሀን እጅ ነው የምይዘው» አለች ማዕዶት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ምኞት አልነበራትም። አምሀ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ አራት ዓመቱ።

ዕቅዱ ግን አላልቅ አለ። መጀመሪያ አምሀ ትንሽ ነው ተባለ። ቀጥሎ ክረምት ገባ፤ ቀጥሎ ፈተና መጣ፤ ቀጥሎ ሰነዱ እንደገና ይከለስ ተባለ። ያለው ሽባባው፣ የከለሰው ሽባባው፣ «አላሳመነኝም» ብሎ የመለሰውም ራሱ ሽባባው ነው። ስድስተኛው ረቂቅ ላይ ሲደርስ ሃያ ሦስት ገጽ ሞላ። «የሽንት ማረፊያ ጣቢያዎች» የሚል ምዕራፍ ብቻውን አራት ገጽ ወስዷል፤ ለዚህም ሲባል አምሀ በየስንት ደቂቃው እንደሚሸና አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓት ተይዞበታል። ቤት የሚቀሩት ዶሮዎች እንኳ በባለድርሻ አካላት ስር ተዘርዝረዋል።

ከማሉ የአዲስ አበባ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና ይለክፈዋል።

«ሽባባው፣ ወላሂ እኔ በየቀኑ ደርሼ እመለሳለሁ። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳሎንህ አልወጣህም!»

«ከማሉ፣ መሄድና ማቀድ ይለያያል።»

«እሱማ ይለያያል። እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ታቅዳለህ።»

አንድ ቀን ሽባባው መረጃ ለማጠናከር ፓርኩ ጋ ስልክ ደወለ። ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ የሆነ ልጅ ትንሿ ባቡር ላይ አይሳፈርም አሉት። የቀረውን ሳይሰማ ስልኩን ዘጋና ሜትሩን ይዞ ወደ ማዕዶት ሮጠ። የበሩ መቃን ላይ አቁሞ ለካት፤ አንድ ሜትር ከአስራ ስምንት! እርሳሱን አውጥቶ መቃኑ ላይ አሰመረ፤ ከዚያ ሰነዱን ከፈተና ጻፈ፦ «ስጋት ቁጥር አንድ፦ ማዕዶት።» የጻፈውንም እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ያዘጋጀውን ለቤተሰቡ ሳያነብ አይውልም።

ማዕዶት ጉርሻዋን ሳትውጥ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልኬት ሆነ። በሁለተኛው ቅዳሜ አልጨመረችም። በሦስተኛው አልጨመረችም። በአራተኛው ሽባባው እርሳሱን ከፍ አድርጎ፣ «ስጋቱ በቁጥጥር ስር ውሏል!» ብሎ አበሰረ።

«አንተ ሰው፣» አለች ኢትዮጵያ፣ «መቃን መቃኑን ስታይ ልጁን ግን አይተኸዋል?»

አምሀን ዞሮ አየው። የልጁ ጉንጭ ዓይኑን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። የሱሪው ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር ከተያዩ ሰነባብተዋል። ቁመቱን በወርዱ ሊያካክስ የተነሳ ነው የሚመስለው።

ምሳ ላይ ባልና ሚስት የማያዩ መስለው አዩ። የማዕዶት እንቁላል በጠረጴዛው ስር ተሻገረ። ቆጮዋም ተሻገረ። አይቡ እንኳ በመዳፍ ተጭኖ ተሻገረ።

«አምሀ!» አለ ሽባባው። «የእህትህን ምሳ ለምን ትበላለህ?»

አምሀ አፉ ሙሉ ነው። «እንዳታድግ ነዋ! አንተ ዕቅዱን እስክትጨርስ እኔ ነኝ የምበላላት።»

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

«እማዬ ክፍል ውስጥ ስታስተምረን፣ የማይበላ ልጅ አያድግም ብላለች» አለች ማዕዶት አንገቷን ደፍታ።

ኢትዮጵያ አፏን በእጇ ያዘች። ሽባባው ማዕዶትን ትክ ብሎ አያት። እጆቿ ቀጥነዋል፤ እሱ አራት ቅዳሜ ሙሉ ሲለካ ያየው እርሳሱን ብቻ ነበር።

«ማዕዶትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ ስጋት ናት ያልከው።»

ሽባባው ተነሳ። እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ የከማሉን በር አንኳኳ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

ከማሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት ግንባሩን ዳሰሰው። «ሱብሃን አላህ! ወባ ነው?»

«አራት ወንበር ያዝልኝ።»

«ረቂቁስ? ሰባተኛውስ?»

«ከማሉ፣ ስንት ሰዓት?»

«አስራ ሁለት ሰዓት፣ ወንድሜ። እዚሁ በራፍህ ድረስ እመጣለሁ፤ ሐሳብህን እንዳትቀይር።»

እሁድ ጠዋት ሃያ ሦስቱ ገጾች ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። ሽባባው እንደረሳቸው ትዝ ያለው መንገድ ላይ ከላ ከተማ ሲደርሱ ነው፤ ከማሉን ግን ተመለስ አላለውም። አምሀ ዕቅዱ ውስጥ ባሉት ጣቢያዎች ሁሉ አልሸና አለ፤ ዕቅዱ ውስጥ በሌሉት ሁሉ ግን ሸና። ማዕዶት ደግሞ እናቷ የሰጠቻትን ዳቦ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጠበቀችው። «ባቡሩ ላይ ከተሳፈርኩ በኋላ» አለች።

ባቡሩ ጋ ሲደርሱ ቀጭኔ የተሳለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የአንድ ሜትር ከሃያው ቀይ መስመር አለ። ባለ ኮፍያዋ ተቆጣጣሪ ማዕዶትን አስጠጋቻት። ልክ መስመሩ ስር! ሽባባው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ አለችና የማዕዶትን ቀሚስ ከጉልበቷ ገለጥ አድርጋ አየች።

«የኔ ቆንጆ፣ ጉልበትሽን ዘርጊው እንጂ።»

ለካ ማዕዶት በየቅዳሜው ጉልበቷን አጥፋ ኖሯል የምትለካው! ቀስ ብላ ዘረጋችው። ከነጫማዋ መስመሩን አንድ ጣት አለፈች።

አላለቀሰችም። ዳቦዋን ለአባቷ አቀበለችና አምሀን ወደ ባቡሩ ገፋ አደረገችው። «አንተ ግባ። ዋሻው ውስጥ ዓይንህን ጨፍን፤ ከዚያ ይበራል።» አምሀ ግን ቀሚሷን ጨምድዶ ይዞ ጮኸ።

«ብቻውንማ አይገባም» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነ ትልቅ ሰው አብሮት ይቀመጣል።»

ሽባባው ስልኩን ቶሎ ባይዘጋው ኖሮ ይህንን ያኔ ይሰማው ነበር። ኢትዮጵያ ቦርሳዋን አንግታ አንድ እርምጃ ሄደች። እሱ ግን እጇን ያዛት። ዕድሜውን በሙሉ ስብሰባ ላይ እየጠየቀ ሰው ያሰለቸባት አንዲት ጥያቄ አለችው፤ አወጣት።

«ይቅርታ፣ ትልቅ ሰው ሲባል ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«ከቀዩ መስመር በላይ የሆነ ነዋ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ከዚያ ማዕዶትን አየች፤ ሰሌዳውን አየች፤ ሳቋ መጣ። «እንግዲህ እሷም… በሉ፣ ቶሎ ግቡ!»

ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ አምሀ ዓይኑን በልጥጦ ይስቃል፤ አጃቢ እህቱ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና፣ እጁን ሁለት እጇ ውስጥ ቀብራ ትጮኻለች። ከባቡሩ ወርዳ መጀመሪያ ያለችው፣ «አባዬ፣ ዳቦዬስ?» ነው። ከዳቦው በኋላ ሙዙን፣ ከሙዙ በኋላ የአምሀን ብስኩት በላች። አምሀ አንድ ወር ሙሉ የበላው የሷን ነበርና ክርክር አላነሳም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትሩን ይዛ የመጣችው ራሷ ናት። መቃኑ ጋ አንገቷን መዝዛ፣ ተረከዟን አንስታ ቆመች። ሽባባው ተረከዟን አየ፤ እንዳላየ ሆኖም እርሳሱን ከፍ አድርጎ አሰመረ። ከዚያ ሰነዱን ከፈተና «ስጋት ቁጥር አንድ» የሚለውን ሰርዞ ከጎኑ «ትልቅ ሰው» ብሎ ጻፈ።