ብቻዋን የማትተኛው ወፍ

የወሎዋ ጣሂራ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ባሏ ከሞተ፣ ልጇ ሳፊያም ሲያትል ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባለው ሰፈር ያለውን የአፓርታማዋን በር የሚያንኳኩት ጎረቤቷ ጋሽ ፊሊጶስ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ፊሊጶስ ታክሲ መንዳት ሲያቆሙ ሁለት ወፎች ገዙ። የደቡባዊ አፍሪካ ወፎች ናቸው፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ አይጥ ስለሚሽሎከለኩ ፈረንጆቹ ማውስበርድ ይሏቸዋል። መልካቸው አመድማ፣ ዓይናቸው ዙሪያውን ቀይ፣ ጅራታቸው ከገላቸው የረዘመ። ፍራፍሬ እንጂ እህል አይነኩም። ሲመሽ ደግሞ ደረት ለደረት ተለጣጥፈው፣ ተንጠልጥለው ነው የሚተኙት።

ሽማግሌው ታመው፣ ሊውል የምትባለው ሴት ልጃቸው ወደ ቴክሳስ ስትወስዳቸው፣ «እስክመለስ ያዢልኝ፣ ጣሂራ» ብለው ወፎቹን ከነሽቦ ቤታቸው ሰጧት። አልተመለሱም። መርዶው በመጣ ሰሞን ከወፎቹ አንዷ ሞተች።

የቀረችው ላባዋን ነፍታ ጥግ ላይ ተንጠለጠለች። ፓፓያም ሆነ ወይን ስትሰጣት እንቢ አለች። ጣሂራ ቢጨንቃት ሊውል ጋ ደወለች።

«አንቲ፣ እነሱ ብቻቸውን መተኛት አይችሉም» አለቻት ሊውል። «አባዬ ሁሌ ይል ነበር።»

ጣሂራ ወፏን አውጥታ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ወፏ ሹራቧን በጥፍሮቿ ጨምድዳ ያዘች፣ ሆዷን ለጠፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ጣሂራ እንዳትቀሰቅሳት ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። እሷንም እንዲህ የተጠጋት ፍጡር ከጠፋ ከርሟል። በማግስቱ ወፏ ወይን በላች።

የብርዱን ወራት አብረው ገፉት። ጣሂራ ኦቨርታይም ትታ፣ ሺፍቷ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ቤቷ ትሮጥ ጀመር። አንድ ቀን ታዲያ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ከታች የምትኖረው ሴት ጠጋ ብላ፣ «ወፍሽ ቀኑን ሙሉ ስትጣራ ነው የምትውለው» አለቻት፤ በቁጣ ሳይሆን በሐዘኔታ። ጣሂራ ገብታ ብታይ፣ ወፏ የደረቷን ላባ ነጭታ ጨርሳዋለች።

ያን ቀን አለቀሰች። በዕረፍቷ ቀን ወፏን፣ እንዲህ ያሉ ወፎች ወደምታረባ፣ ሊውል ፈልጋ ወዳገኘችላት ሴት ወሰደቻት። ትልቁ የሽቦ ቤት ውስጥ ስትለቃት ሌሎቹ መጀመሪያ ገፈተሯት። አመሻሽ ላይ ግን እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስበው ሲንጠለጠሉ፣ ከሥራቸው ሾልካ ገብታ ተለጠፈች።

«ገባች!» አለች ጣሂራ፣ ሴትየዋ አማርኛ እንደማትሰማ ረስታ።

ከጊዜ በኋላ ወይን ይዛ ልትጠይቃት ሄደች። ወፎቹ ሁሉ ሽቦውን እየቧጠጡ መጡ። የተነጨው ላባዋ በቅሎ ኖሮ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃታት። የኔዋ የቷ ናት ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወይኑን ለሁሉም አካፍላ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ እንደገባች ሊውል ደወለች።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ተቀላቅላለች።»

«አንቺስ፣ አንቲ?»

«ሥራ ልገባ ነው፣ ልጄ» አለችና ስልኩን ዘጋች። የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሞተሩን ሳታስነሳ እዚያው ብዙ ቆየች።