ቤቴ ስደርስ የሚዘጋው ስልኬ

ከአባቴ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈን ነበር። ያስታረቁን ሽማግሌዎች እኔ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ራሱ እንዲደውልልኝ ወሰኑ። ጉልበት መሳሙን እዚያው ጨረስኩ። አባቴም “ከዙህር ሶላት በኋላ እደውላለሁ” አለ። አባቴ ቀድሞ የሚደውል ሰው አይደለም፤ ለእሱ ነው የሚደወልለት። ስለዚህ ያቺን ጥሪ እንደ ነፍሴ ነበር የምጠብቃት።

የምሠራው ከመገናኛ አለፍ ብሎ ወሰን በሚባለው ሰፈር ባለ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። በዚያው ሳምንት አለቆቻችን የዕቃችን ፎቶ እየተነሳ ይወጣል ብለው ጠረጠሩና በየግል ስልካችን ላይ አንድ አፕ ይጫን አሉ። አፑ ስልኩ ያለበትን ቦታ ያያል፤ መጋዘን ስንገባ ካሜራውንና ጥሪውን ይዘጋል፣ ስንወጣ ይከፍታል። ስልኩን የገዛሁት እኔ፣ ካርድ የምሞላው እኔ፣ የሚዘጉት እነሱ። የስምምነት ወረቀት መጣ፤ ሁላችንም ተሰልፈን ፈረምን።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ የሁላችንም ስልክ እንደ ልቡ ይሠራል። እኔ ግን ሲግናል ሰፈር ወደ ተከራየኋት ክፍል ስመለስ ካሜራው ጠፋ፣ ጥሪም እምቢ አለ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋን ስጠይቃት ነገሩ ገባኝ። አፑ “የሥራ ቦታችሁ የት ነው?” ሲላት ለእንግዳ እንደምትነግረው ነግራዋለች፤ መገናኛ። እኛ አድራሻ ስንሰጥ “መገናኛ ስትደርስ ደውል” ነው የምንለው፤ ወሰን ካልነው ሰውየው ራቀኝ ብሎ ይቀራል። አፑ ግን መገናኛ ደርሶ አልደወለም፣ እዚያው ቀረ። አፑ ካርታ ላይ የሥራ ቦታውን የሚያጥርበትን ክብም እጇ ሳይሰስት አስፍታ ስላሰመረችው አጠገቡ ያለውን ሲግናልን ከነክፍሌ ውጦታል።

“አስተካክይልኛ” አልኳት።

ይህን የሰማው ሹፌራችን ወደ ጥግ ወሰደኝ። “አንተ፣ ዝም በል እንጂ! ሲግናል የምትኖረው አንተ ብቻ ነህ። ለአንድ ሰው ተብሎ የሁላችንም ስልክ ይዘጋ?” ሌሎቹም ከኋላው ቆመው ያዩኛል። ይሉኝታ ያዘኝና ተመልሼ ለኃላፊዋ “ተይው፣ ይቆይ” አልኳት። በአገራችን ነፃነትን የሚበላው ግማሹ መንግሥት፣ ግማሹ ይሉኝታ ነው።

እሁድ ዕለት ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ጥሪው ሳይመጣ ወደ ወሰን ልሸሽ አሰብኩ። ስልኬ የሚፈታው እዚያ፣ ሥራ ቦታዬ ነዋ። ወሰን የሚሄደው ታክሲ ግን የሚያዘው መገናኛ ነው፤ ሰልፉም አጥር ዞሮ ታጥፏል። ሰልፉ ላይ እንዳለሁ የአባቴ ስም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሞ ደወለ፤ ጠፋ። ሦስተኛ አልደወለም። ከኋላዬ የቆመውን ሰው ስልክ ለምኜ ደወልኩ፤ አባቴ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። እዚያ ሕዝብ መሀል ማልቀስ አማረኝ።

ሰልፉን ጥዬ በሌላ ታክሲ አባቴ ወደሚኖርበት ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ሄድኩ። ከወረድኩ በኋላ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። አባቴ በሩን ራሱ ከፈተ።

“ደወልኩ፤ ዘጋህብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋህብኝ።”

“አባዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው።”

አፑን፣ ክቡን፣ መገናኛን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ሳያቋርጥ ሰማኝ፤ ጠባዩ አይደለም።

“ስልኩ የማን ነው?”

“የእኔ።”

“የት እንዳለህ ያውቃሉ?”

“ያውቃሉ።”

“አሁንም?”

“አሁንም።”

“አንተስ ይህን ወደህ ፈረምክ?”

“ፈረምኩ።”

“እኔ አባትህ ‘የት አመሸህ?’ ብልህ፣ ‘ነፃነቴን ነጠቅከኝ’ ብለህ ሦስት ዓመት ጠፋህ” አለኝ። “ለእነሱ ግን ፈረምክላቸው።”

በጣም አፈርኩ፤ ማፈሬንም አየው።

“በል ግባ” አለኝ፤ “ምሳ ሳትበላ አትወጣም።”

ይህኛውን ትእዛዝ ያለ ፊርማ ተቀበልኩ።