የአባቴ ግራ እጅ

ባሕር ዳር፣ ከምሠራበት የልብስ ሱቅ አጠገብ አንድ የሞባይል ጠጋኝ አለ፤ ከዕቃዎቹ አንዱ ጢጥ፣ ጢጥ ሲል የያዝኩትን ልብስ እንደያዝኩ ልቤ ወደ ወረታ ይሄዳል። በአባቴ ክንድ ላይ ይታሰር የነበረው ትንሽ ማሽን ድምፁ እንዲሁ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል፣ ከሩዝ ማሳዎቹ ዳር ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ሲያርሱ እሱ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን በቀኙ ወርውሮ በግራው እየተቀበለ፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ጋቢ ይሠራ ነበር። የሩዝ አጨዳው ባለቀበት በጋ፣ አንድ ጠዋት መወርወሪያው ከግራ እጁ አምልጦ ወደቀ፤ ላንሳው ብሎ ሲያጎነብስ እሱም ወደቀ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ አደረሱት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ተላከ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ፤ ሰፈራችን ምች ነው አለ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩም ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ግራ እጁ ግን ጨብጦ ደረቱ ላይ ቀረ።

በጋው ሳይወጣ እናቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችው። ሰውነቱ ቀሎት፣ ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ፤ እጁ ግን ያው ነበር።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት፣ የሰነፈ እጅና እግር የምታፍታታ ባለሙያ፣ ወረታ ሐኪም ቤት እንዳለች ሰምተን ሄድን። ሔለን ትባል ነበር። ማሽኑን ስታወጣ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኮረንቲ ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው።»

«ወንድሜን የበላው ኮረንቲ ነው። ተይኝ ልጄ።»

አጎቴ የተበጠሰ ሽቦ ነክቶ እንደሞተ እኔም አውቅ ነበር። ሔለን አልተከራከረችውም፤ የማሽኑን ተለጣፊዎች የራሷ ክንድ ላይ ለጥፋ አሳየችው። እኔም ልሞክር ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። ጉንዳን የሚሄድብኝ ያህል ነዘረኝና ጣቶቼ ሳላዛቸው ብድግ አሉ፤ ሳቄ መጣ። አባቴ ሳቄን ሲሰማ ተቀመጠና እጁን ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ወረታ ገበያ በወጣች ቁጥር አብሯት ይሄድ ነበር። ሔለን «ማሽኑ ብቻውን አይችልም፤ ጢጥ ሲል እርስዎም እጄን ልክፈት ብለው ይታገሉ» ትለው ነበር፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ ይታገል ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ማሽን በሌለበት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተላቅቀው ነበር። በመሐላቸው የክር ጫፍ ባስገባለት ያዘው። እናቴ እልል ስትል፣ እሱ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳያመልጠኝ» እያለ ዕንባው ወረደ።

ክረምቱ ግን ከብዶ መጣ። ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሸፈኑት፤ መንገዱ ጠፋ። አባቴ በየማለዳው ደጅ ቆሞ፣ ግራ እጁን በቀኙ እያሸ ውኃውን ያይ ነበር። አንድ ጎረቤታችን በትከሻዬ ላሻግርዎ ቢለውም ውኃው ከወገብ በላይ ነበርና እናቴ እሺ አላለችም።

መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል ሄድን። ሔለን ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ ነበር። ማሽኑ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። እዚያ ያገኘነው ሠራተኛ «የሚያውቅበት ሰው የለም አባቴ፤ ሌላ እስኪመደብ ይጠብቁ» አለው።

«ገና መከፈት ጀምሮ ነበር እኮ» አለ አባቴ፣ እጁን ወደ ሰውየው አስጠግቶ እያሳየ። ሰውየው እጁን አይቶ አቀረቀረ።

ተመላለስን፤ የተመደበ ሰው አልነበረም። ጣቶቹ እንደገና ጨበጡ፤ እናቴ ጥፍሩን ስትቆርጥለት በሞቀ ውኃ እያላላች አንድ በአንድ ትከፍታቸው ነበር። በዓመቱ የሽመና ዕቃውን ለሌላ ሸማኔ ሰጠና ጉድጓዱን በአፈር አስደፈነው።

አምና ወረታ ሄጄ ጠየቅሁ። ባለሙያዎችም ማሽንም አሉ፤ መንገዱ ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ ባጃጅ በክረምትም ይመላለሳል። ሕክምናው ዘግይቶም አንዳንዱን ሰው በጥቂቱ ይረዳዋል፣ እንደ መጀመሪያዎቹ ወራት ግን አይሆንም አሉኝ። ይህንኑ ለአባቴ ነግሬ «እንሞክር እንጂ አባዬ» ስለው፣ ግራ እጁን በቀኙ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «ተይው ልጄ፣ አሁንማ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ያኔ ውኃው እስኪጎድል በየማለዳው ደጅ ይቆም የነበረው ሰው፣ ዛሬ ባጃጁ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠብቀው አይነሣም።