ልጅ ልንጠይቅ የሄድንባት ቅዳሜ

ሳይማር ለሚያውቅ፣ አላዋቂንም ሳያሳፍር ለሚያስተምር ለልዑል እግዚአብሔር ስም አስቀድሞ ምስጋና ይድረስ። በእርሱ ቸርነት ዛሬ የምጽፈው፣ ሦስት ሆነን በላምበረት አጠገብ ከሚኖር አንድ ነጋዴ ቤት ልጅ ልንጠይቅ ስለ ሄድንባት ቅዳሜ ነው።

በሰፈራችን አንዲት ትንሽ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለች። አቅም ያለው የቦሌ ሰው ልጁን በሰርቪስ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲልክ፣ እርሷ የቀሩትን ሁሉ ትቀበላለች፤ ከወሎ የመጡ የባለ ሱቅና የሾፌር ልጆችን፣ ከደቡብ የመጡ የፕሮቴስታንት ቤተ ሰቦች ልጆችን፣ የሕንፃ ጥበቃ ልጆችን፣ ቀን በሰው ቤት እየሠሩ ማታ የሚማሩ እኅቶችን። በአንድ ዴስክ ላይ አንዱ ረቡዕን ይጾማል፤ ሁለተኛው ዓርብ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ ይሮጣል፤ ሦስተኛዋ ምሳዋን ሳትከፍት ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። የቤት ሥራ ሲገለባበጡ ግን ሦስቱም አንድ ሃይማኖት ናቸው።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እንጂ አስኳላውን አላውቀውም። የልጅ ልጄ እዚያ በመማሯ ግን የወላጅና የመምህራን ኅብረት አባል አደረጉኝ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «የኔታ» ይለኛል።

የዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። በስብሰባው ላይ አንድ ወላጅ፣ «ድሮስ ከደሃ ልጅ ምን ይጠበቃል!» ቢል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ያን ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ተነሣ። ከወላይታ የመጣ ፕሮቴስታንት፣ ገና ያላገባ ወጣት ነው።

«ማለፊያው ለጥቂት ያመለጣቸው ልጆች አሉን» አለ። «ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ሪሚዲያል የሚባለውን ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። አንዷ ከክፍሉ ሁሉ የምትጎብዘው ናት። ጥሪ ደርሷታል። አባቷ ግን ወድቃለች ብሎ ሱቅ አስቀምጧታል። በሚመጣው ሳምንት ካልሄደች ዕድሉ ያመልጣታል።»

አባቷን እናውቀዋለን፤ ከወሎ መጥቶ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ለመንገደኛ ሻንጣ የሚሸጥ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ሪሚዲያል የሚለውን ቃል የሰማሁት በዚያ ቀን ቢሆንም፣ ነገሩ ሲተረጎምልኝ የቆየ ወዳጄ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ክለሳ እንለው ነበር። በወጣትነቴ በዜማ ቤት ጾመ ድጓውን ዘለቅሁት ስል መምህሬ ወደ መጀመሪያው መለሱኝ። አልቅሻለሁ። ነገር ግን «ወደቀ» ያለኝ አልነበረም፤ «ይከልሳል» ነበር የተባልሁት።

ሽማግሌ ሆነን እንድንሄድ ተወሰነ፤ እኔ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ ሐጂ፣ እና መምህሩ። ቅዳሜ ጠዋት ስንገናኝ መምህሩ ከዚያ በኋላ የጓደኛው ሠርግ ስላለበት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ።

«ማሻ አላህ! ሙሽራው ማን እንደ ሆነ እንዳይጠፋቸው» አሉት ሐጂ። ቀልዱ ትንቢት እንደ ሆነ አላወቁም።

ነጋዴው በደስታ ተቀበለን። «ኧረ አረፍ በሉ!» ቢለን እንደ ሽምግልናው ደንብ ቆመን ቀረን።

«ጉዳያችንን ሳትሰማን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

እኔም የቅኔ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ነገሩን በዙሪያ ጀመርሁት። «በዚህ ቤት በጨዋነት ያደገች፣ መልካም ስሟ የወጣ ልጅ አለች። እርሷን ስጡን ብለን መጥተናል።»

ነጋዴው እኔን አየ፤ ሐጂን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ በመምህሩ ከረባት ላይ ተተከለ።

«ይሄ ነው?»

«የቱ?» አልሁ እኔ።

«ጴንጤ ይዛችሁብኝ መጣችሁ! ሐጂ፣ እርስዎም አሉበት?»

መምህሩ ላብ አጠመቀው። «ኧረ እኔ... እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው!» አለ።

«ምንም ያስተምር! ወላሂ፣ ሙስሊምም ብታመጡ አልሰጥም! ልጄ ተማሪ ናት። ትምህርቷን ሳትጨርስ ለማንም አልድራትም!»

ሐጂ ሳቃቸውን በጺማቸው ሸሽገው ጠጋ አሉት። «ጆሮዬ ደክሟል፤ እስቲ ድገመው።»

«ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድራትም!»

«አልሐምዱ ሊላህ! የመጣነው ለዚሁ ነው። የኔታ፣ እንግዲህ እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። ነጋዴው ግን እንደ ቆመ ቀረ። ነገሩ ሲገባው ድምፁ ወረደ።

«ወድቃለች እኮ፣ የኔታ።»

«አልወደቀችም፤ ትከልሳለች» አልሁትና የዜማ ቤቱን ነገር አወራሁለት።

«እርስዎንም መለሱዎት?»

«መለሱኝ። ባይመልሱኝ ዛሬ የኔታ የሚለኝ አይኖርም ነበር።»

ያን ጊዜ እርሱም ተቀመጠ። ከዚያም «እኛንም ቁርአን ቤት ሳለን፣ ያልያዝን እንደ ሆነ ሼሁ ሉሑን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ አጥባችሁ እንደገና ጻፉ ይሉን ነበር» አለ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ከጓዳ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «እንግዲህ ወንድ ልጅ በሽማግሌ ፊት የተናገረውን አይበላም!» ከእርሷም ኋላ የልጅቱ ሳቅ ተሰማ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስትሰማ ኖራለች። ነጋዴው ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ «ምን ያስቅሻል? ተነሺና ልብስሽን አዘጋጂ!» አላት።

በሳምንቱ ልሸኛት ላምበረት ወረድሁ። ልጅቱ ከአባቷ ሱቅ ርካሹን ሻንጣ መርጣ ነበር፤ እርሱ ከእጇ ወሰደባት። «የዚህ ዚፕ አይበረክትም፤ እሱ ለደንበኛ ነው» አለና ከላይ የተሰቀለውን፣ ብዙ ገዢ ዋጋ ጠይቆ የተወውን ትልቁን ሻንጣ አወረደላት። አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ በሻንጣው ላይ እጁን አላነሣም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከልሳ አለፈች፤ አሁን ምሕንድስና ትማራለች። አባቷም መምህሩን በመንገድ ባገኘው ቁጥር ሰው እየሰማ «አማቼ!» ብሎ ይጠራዋል፤ መምህሩ እስከ ዛሬ ይደነግጣል። እኔም በእርጅናዬ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ሳላፍር ስለ ተመለስሁ፣ ከእነዚህ ጎረቤቶች ጋር ላኖረኝ አምላክ ምስጋናዬ አያልቅም።

አንተም ይህን የምታነብ፣ አንቺም የምታነቢ፣ ከቤታችሁ የዘገየውን ልጅ እንደ ወደቀ ከመቍጠር እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ደጃችሁን የሚመታው ሽማግሌ የደስታ መልእክተኛ ይሁን፤ ከቤታችሁ ሻንጣ ይዞ የወጣውም በሰላም ይመለስላችሁ፤ አሜን።