በግራው መደላድል ውስጥ የነበረው ቋጠሮ

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ያዘዘልኝን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ለማስለካት አብነት ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወጣቷ ባለሙያ ማሰሪያውን ሳብ አድርጋ፣ «እማማ፣ አጠበቅሁብዎት እንዴ?» አለችኝ። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁት እማማ ለመባል አልነበረም፤ ቢሆንም ታገሥሁ።

«ችግሩ መጥበቁ አይደለም» አልኋት። «የሚጫነኝ ሕመሙ ላይ ነው። መጫን ያለበት ከሕመሙ ግራና ቀኝ ነው።»

«ውይ! ሐኪም ነዎት?»

«የኮርቻ ሠሪ ልጅ ነኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድሁም።

በጣሊያን ዘመን አባቴ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ኮርቻ ይሠራ ነበር። ሰፈሩ ፊት ለፊት «ባለሙያው»፣ ዞር ሲል ደግሞ «ፋቂው» ይለዋል፤ ኮርቻውን ይፈልጋሉ፣ ማዕዱን ግን አይቀምሱም። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በቀለ ለጎረቤት «ጅማ ቡና ሊነግድ ሄዷል» ተብሎ ቢነገርለትም፣ በእውነቱ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ጫካ ከአርበኞች ጋር ነበር። ይህን የምናውቅ አባቴና እኔ ብቻ ነን፤ እርስ በርሳችን እንኳ አናነሣውም።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጣሊያናዊ ካፒቴን አስተርጓሚውን አስከትሎ አንዲት ዳማ ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ አመጣ። ከወራት በፊት ኮርቻ ጀርባዋን ልጧት ኖሮ ቁስሉ ድኗል፤ ከአከርካሪዋ በስተ ግራ ግን መዳፍ የምታህል ጠጉር አልባ ጠባሳ ቀርታለች። ለረጅም ጊዜ ሳትጋለብ በመቆሟም የግራ ጀርባዋ ሥጋ ሟሙቷል፤ የቀድሞ ኮርቻዋ ሲጫን ወደዚያው ያዘነብላል። ካፒቴኑ የፈለገው ኮርቻው ከአዲሱ ጀርባዋ ጋር እንዲስማማ ነው።

«በስምንተኛው ቀን ወደ ምዕራብ ለዘመቻ ይወጣባታል» አለ አስተርጓሚው። «ድጋሚ ከተገጠበች ኮርቻውን የምጭነው አንተ ላይ ነው ብሏል። እየቀለደ ነው መሰለኝ።»

«አንተ ካልሳቅህ እኔ በምን ልወቅ?» አለ አባቴ።

«ይልቅ ሳቅ፣ ጋሼ ወልዴ። ካፒቴኑ እያየህ ነው።»

አባቴ አልሳቀም። ወደ ምዕራብ የሚለውን ቃል ሁለታችንም ሰምተናል፤ አልተያየንም።

በእነዚያ ቀናት አባቴ ባዝራዋን እንደ ታማሚ ዘመድ ያዛት። ጀርባዋን ለብ ባለ ውሃ ያጥባል፤ ገብሷን ራሱ አበጥሮ ይሰጣታል። ከሰፈራችን አጠገብ ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ቆዳዋ ሲርገበገብ፣ አንገቷን አቅፎ «አይዞሽ፣ ላንቺ አይደለም» ይላታል። ልጁን ልታሳድድ ለምትሄድ ፈረስ ይህን ያህል መጨነቁ ግራ አጋባኝ። ጠላሁት ማለት ነው የሚቀለኝ፤ ነገር ግን ጥላቻም አልነበረም።

«ጠባሳ ቆዳ ይመስላል እንጂ ሸክም አይችልም» አለኝ አንድ ቀን። «ኮርቻው እንዳላየ ሆኖ ሊያልፈው ይገባል።»

ሥራውን የሚፈትነው በአመድ ነበር። የተነፋ አመድ ጀርባዋ ላይ ይነሰንስና ኮርቻውን ቀስ ብሎ ጭኖ፣ ቀጥ አድርጎ ያነሣዋል። ከኮርቻው ሥር ያሉት በሱፍ የተሞሉ ሁለት መደላድሎች አመዱን ይዘው ሲነሡ፣ የት እንደሚጫኑ ይታያል።

በሰባተኛው ቀን ግንቦት ልደታ ዋለች። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ድስት ጥዶ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ቀቀለ። አባቴ ሥራውን ጨርሶ ጋቢውን ደረበና ወደዚያ ሄደ፤ ድርሻውን ለብቻው በቅጠል እንደሚሰጡት እያወቀ። እኔ ቀረሁ፤ አመዱንም ራሴ ልሞክረው ብዬ አነሣሁ።

የግራው መደላድል አመዱን ያነሣው ልክ ከጠባሳዋ ላይ ነበር። ስዳስሰው፣ ከቆዳው ሥር አውራ ጣት የሚያህል የደረቀ የሱፍ ቋጠሮ አገኘሁ። አባቴ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ በመርፌው ክር የማስገባለት እኔ ነበርሁ። ዓይኑ ነው አልሁ፤ ነገ ባዝራዋ ብትገጠብ ይወስዱታል። ዐሥራ ሁለት ስፌት ፈትቼ ቋጠሮውን አወጣሁ፤ ሱፉን ከጠባሳዋ ፊትና ኋላ አከፋፍዬ በዚያው ቀዳዳ መልሼ ሰፋሁት። ዳግመኛ ስሞክር ጠባሳዋ ላይ ያለው አመድ ሳይነካ ቀረ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ሥራ አልሠራሁም። አባቴ ሲመለስ ከቅጠሉ ንፍሮ አካፈለኝ፤ እንዳላሳፍረው ብዬ ምንም አልነገርሁትም።

በማግሥቱ ካፒቴኑ መጣ። አባቴ ኮርቻውን ከመጫኑ በፊት አውራ ጣቱን በግራው መደላድል ላይ አሳለፈ። እጁ ቆመ። ደግሞ አሳለፈ። ከዚያም አየኝ።

«ምነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ምንም። ይጫን።»

ባዝራዋ ጀርባዋን ሳታጎብጥ፣ ጆሮዋን ሳታጥፍ ሄደች። ከዓይን ከራቀች በኋላ አባቴ ጠየቀኝ።

«አስካለ፣ የነካሽው ነገር አለ?»

«ቋጠሮ ነበረበት፣ አባባ። አወጣሁት። ዓይንዎ ደክሞ መስሎኝ ነው።»

አውራ ጣቱን አገላብጦ አየ።

«አዎ» አለ። «ዓይኔ ነው።»

ካፒቴኑ በሰኔ ተመለሰ። ባዝራዋን አየኋት፤ ጠባሳዋ ደረቅ ነበር። ለምስጋና አንድ ከረጢት ስኳር ላከ። አባቴ ከፊቴ አስቀመጠውና፣ «ሥራው ያንቺ ነው፤ አንቺ ብይው» አለኝ። በላሁት። በሐምሌ የበቀለ መርዶ መጣ፤ የሞተው በዚያው ዘመቻ ነበር። ለጎረቤት ጅማ ላይ በወባ ሞተ ብለን አለቀስን።

ከአንዲት ባዝራ ጀርባ ተነሥቶ እስከ አንድ ሰው ሞት የሚደርስ መስመር ለመሳል የሚበቃ ማስረጃ የለኝም። ቋጠሮው ስሕተት ከነበረ አባቴን አድኛለሁ። ካፒቴኑን ከመንገድ ለማስቀረት ሆን ተብሎ የገባ ከነበረ ግን አባቴ በአንገቱ ተወራርዶ የሠራውን፣ ንጹሕ በሆነ ስፌት አፍርሼበታለሁ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን አንዳንድ ቀን ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ ሲያስገባ አይቼዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መርፌውን ዝም ብሎ ይዘረጋልኛል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያሸንፍም። እስኪሞት ድረስ አልጠየቅሁትም።

አዲሱ ቀበቶ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በግራ በኩል፣ ከጨርቁ ሥር፣ ስታጠቀው አንድ ጠንካራ ነገር ይቆረቁረኛል። ስፌቱ በቀላሉ ይፈታል፤ መቀሱም አጠገቤ ነው። አልነካሁትም። ነገ አብነት ሄጄ ያችን ልጅ ለምን እንዳስገባችው እጠይቃታለሁ።