የአሥራ ሁለቱ መለከቶች መዝገብ

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ የበለጠ አሰልቺ ተረት ነጋሪ አሶሳ ዙሪያ አይገኝም ብዬ አምን ነበር። ሲመሽ ከእሳቱ ዳር ይቀመጡና፣ የሚነደው የቀርከሃ አንጓ ጧ ባለ ቁጥር እኛ እየደነገጥን፣ ጭሱም ዓይናችንን እየለበለበው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአሥራ ሁለቱን የቅል መለከቶች ታሪክ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ መለከት ስም አለው፣ የሠራው ሰው አለው፣ ታሪክ አለው። ሦስተኛውን የሠራው ነጋዴ ከኩርሙክ ሲመለስ የጠፋችበትን አህያ በመለከቱ ድምፅ ነበር የጠራት። ታዲያ ታሪኩ የሚነገረው ከትልቁ ተጀምሮ በተራ ነው፤ አንድ ሰው መሃል ላይ ካቋረጠ እንደገና ከትልቁ! ታናሽ ወንድሜ አፉ ስለማያርፍ ከአምስተኛው አልፈን አናውቅም። አሥራ ሁለቱንም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያኔ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። አሶሳ ላይ ሙዚየም ይከፈታል ተባለና አንድ ዕቃ መዝጋቢ በመኪና መጣ። አያቴ መለከቶቹን ምስጥ ሳይጨርሳቸው ለመስጠት ተስማሙ፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ታሪካቸው አብሮ እንዲጻፍ። ከቤቱ አማርኛ በደንብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ተደረግሁ።

መዝጋቢው ትንሹን መለከት አነሳና «ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አለ።

«ትንሹ ኋላ ነው» አሉ አያቴ በራሳቸው አማርኛ። «ትልቁ ሳይናገር ትንሹ አይናገር፣ ወላሂ!» ከዚያም በቋንቋችን በበርታኛ ከትልቁ ጀመሩ።

ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ መዝጋቢው ስለ ርዝመቱ ጠየቀ። እንደገና ከትልቁ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እንደገና ከትልቁ። ጓደኞቼ ደጅ ቆመው ይጠሩኛል፤ እኔም በንዴት ጨስኩ።

«ምን አሉ?» አለኝ መዝጋቢው።

«የሚነፋ ቅል ነው አሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እፎይ ብሎ ጻፈ። አያቴ ወደ እኔ ዞረው በበርታኛ «ጻፈው?» አሉኝ። «አዎ፣ ሁሉንም ጻፈው» አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው መለከቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልለው አስረከቡት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

ዛሬ የዚያ ሙዚየም ዕቃ ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ። መዝገቡን በገለጥኩ ቁጥር አሥራ ሁለት መስመር ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ «የሚነፋ ቅል» ተጽፎ አገኛለሁ፤ ደሜ ይፈላል። አንድ ጊዜ የኤግዚቢሽን አዘጋጆች መለከቶቹን ሊዋሱ ፈልገው «ተመሳሳይ ስለሆኑ ሦስቱ ይበቁናል» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ተመሳሳይ! ማንን ልቆጣ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ መልቀም የቻልኩት አምስቱን ብቻ ነው። እነሱን በየካርዳቸው ጽፌያለሁ። ለሰባቱ የምጽፈው የለኝም፤ ወንድሜም አያስታውስም፣ መለከቶቹን ይነፉ የነበሩትም ሰዎች አልፈዋል።

ይህንን እንኳ እችለው ነበር። የማልችለው ከየመስመሩ ዳር ያለውን ነው፤ «መረጃ ሰጪ» በሚለው ሥር አሥራ ሁለት ጊዜ የአያቴ ስም ሰፍሯል። መዝገብ እንደማይሰረዝ አውቃለሁ፣ አለቃዬም ልሰርዝ ስጠይቀው ተቆጥቶኛል። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት ስማቸውን ሰርዤ የራሴን ጻፍኩበት።